የኖርዌይ ጥበበ እድ፤ ከገበሬ ቤት እስከ ፋብሪካ

በኖርዌይ አገር በትሮንድሄም ከተማ የሚገኘው የጥበበ እድ ሙዚየም ካሉት ሽመናዎች አንዱ «ኢትዮጵያ» ይባላል። የተሸመነው በ1935 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። የሸመኑት ወይዘሮ ሐና ሪገን ኑሯቸው በባሕር ጠረፍ ባለች አነስተኛ እርሻ ላይ ነበር፤ አገራችንን በዐይናቸው አላዩም። ሆኖም የፋሽስት ጦር ድንበራችንን ጥሶ በገባ ጊዜ፣ የቃል ኪዳን ማኅበር አባል የሆኑት ታላላቅ መንግሥታት ወዲያና ወዲህ ሲያመነቱ፣ እኚህ ሴት ከሽመና ዕቃቸው ፊት ተቀምጠው ፍርዳቸውን በሱፍ ፈትል ጻፉ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ስለ አንድ ሽመና ብቻ ለመናገር አይደለም። ነገር ግን ለብርድ መከላከያና ለግድግዳ ማስጌጫ የተፈጠረ የእጅ ሥራ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ለመናገር ኀይሉን ከየት አገኘ ብሎ መጠየቅ የሚገባ ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ተመልሰን የኖርዌይን ጥበበ እድ ከሥሩ ልንመለከተው እንገደዳለን።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከምጠቅሳቸው ሥራዎች አብዛኞቹን ያየኋቸው በመጽሐፍ በታተመ ፎቶግራፍ ነው። ሽመናን በፎቶግራፍ መመልከት ወጥን በሽታው እንደ መቅመስ ስለሆነ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ድርና ማጉ የምሰጠው ፍርድ በዚሁ መጠን ይታይልኝ።

ስለ ኖርዌይ ጥበበ እድ በሚጻፉት መጻሕፍት ዘወትር የሚደጋገም አንድ ትረካ አለ። ይኸውም የጥንቱ የቫይኪንግ ጠራቢ እንጨት ጠረበ፤ ገበሬው ከእርሱ ተማረ፤ የፋብሪካው ባለሙያ ደግሞ ከገበሬው ተማረ፤ ስለዚህ ዛሬ በየቤቱ የሚታየው ወንበርና ማንኪያ የዚያው የጥንቱ ዛፍ ፍሬ ነው የሚል ነው። ትረካው ለጆሮ ያምራል፤ ለአገር ፍቅርም ይመቻል። እኔ ግን ቀረብ ብዬ ስመረምረው መስመሩ እንደዚህ ቀጥ ያለ ሆኖ አላገኘሁትም።

የጥንቱ ጠራቢ ታላቅ ባለሙያ እንደ ነበረ አይካድም። በ1904 ዓ.ም. በኦስበርግ ከአንድ ጕብታ ሥር ተቈፍሮ የወጣው መርከብ ሁለት ሴቶች የተቀበሩበት ሲሆን፣ የመቃብሩ ዘመን 834 ዓ.ም. መሆኑ ከእንጨቱ የዕድሜ ቀለበት ታውቋል። ከውስጡ የአውሬ ራስ የተቀረጸባቸው ምሰሶዎች፣ አንድ ሠረገላ፣ በበረዶ ላይ የሚጐተቱ ጋሪዎችና የሽመና ቍራጮች ወጥተዋል። ከዚያም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ ይኸውም በ1070 ዓ.ም. አካባቢ የተጠረበው የኡርነስ ቤተ ክርስቲያን ሰሜናዊ በር ይመጣል። በበሩ ዙሪያ ቀጫጭን እንስሳትና እባቦች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው፣ የአንዱ ጅራት ለሌላው አንገት ማሰሪያ ሆኖ ይታያል። በብራና መጻሕፍቶቻችን ራስጌ የሚሣለውን ሐረግ ለለመደ ዐይን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። እንደዚህ በቋሚ እንጨት ከተሠሩት የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያኖች ዛሬ በአገሪቱ የቀሩት 28 ብቻ ናቸው።

ገበሬው ግን ሥዕሉን ከእነዚህ ጠራቢዎች በቀጥታ አልወረሰም። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን እኩሌታ ጀምሮ በቴሌማርክና በሃሊንግዳል ሸለቆዎች የተስፋፋው፣ በቋንቋቸው «ሮዘማሊንግ» የሚሉት የእንጨት ላይ ሥዕል የተወለደው ከጢስ መውጫ ነው ብል እንደ ቀልድ አይቈጠርብኝ። ቀድሞ በገበሬው ቤት እሳቱ ከወለሉ መካከል ይነድ ነበር፤ ጢሱም በጣራው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ግድግዳውንና ማገሩን ጥላሸት ያለብሰው ነበር። ጥላሸት በሚያንጠባጥብ ቤት ውስጥ ለቀለም ገንዘብ የሚያወጣ ማን ነው? ጢስ መውጫ ያለው ምድጃ ወደ ሸለቆው በገባ ጊዜ ግን ግድግዳው ጸዳ፤ መስኮትም ተከፈተ፤ የቤቱም ጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱን በብርሃን አየው። ሠዓሊው የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

የሥዕሉም መልክ ቢሆን በሸለቆው የበቀለ አይደለም። አካንቱስ የሚባለው የቅጠል ሐረግ ከጥንታውያን ግሪኮችና ሮማውያን ተነሥቶ፣ ብዙ አገር ዞሮ፣ በሆላንድ ጠራቢዎች ፈሊጥ በ1699 ዓ.ም. ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ ካቴድራል መሠዊያ ላይ ተቀረጸ። የገጠር ጠራቢዎችና ሠዓሊዎች ከከተማ የመጣውን ይህን ቅጠል ወሰዱት። ሠዓሊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ መሬት የሌላቸው ድኾች ስለ ነበሩ፣ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞሩ ለምግብና ለማደሪያ፣ ለጥቂትም ገንዘብ፣ የሙሽራዪቱን ሣጥን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የቢራውን ጎድጓዳ የእንጨት ሳህን ይሥሉ ነበር። በሳህኑ ከንፈር ዙሪያ ጠጪውን የሚመክር ወይም የሚያሾፍበት ቃል መጻፍም ልማድ ነበር። የሃሊንግዳሉ ሠዓሊ አበባውን ከመካከል አቁሞ ግራና ቀኙን ያመዛዝናል። የቴሌማርኩ ግን ሐረጉን ከአንድ ጥግ ያስነሣና ወደ ፈለገው ወገን ያጋድለዋል፤ ቅጠሉ ቅጠል መሆኑ ቀርቶ የእጁ እንቅስቃሴ ብቻ እስኪሆን ድረስ ይለቀዋል። እኔ የቴሌማርኩን እመርጣለሁ። የተዋሰውን ነገር ያለ ፍርሃት አበላሽቶ የራሱ ያደረገ እርሱ ነውና።

በሽመናም የሆነው ይኸው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጉድብራንድስዳል ሸለቆ የነበሩ ሴቶች ከከተማ የመጣውን፣ ሥሩም ከፍላንደርስ የሆነውን ሥዕላዊ ሽመና ተማሩና ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ታሪክ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተጻፈውን የአሥሩን ቆነጃጅት ምሳሌ ሆነ። አምስቱ ልባሞች በላይኛው ረድፍ መብራታቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ አምስቱ ሰነፎች በታችኛው ረድፍ መሐረባቸውን ወደ ዐይናቸው አድርገው ያለቅሳሉ። ልብሳቸው የእስራኤል ልብስ ሳይሆን የዚያው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቀሚስ ነው። ሽመናው ከእናት ወደ ልጅ እየተቀዳ በሄደ መጠን ፊቱ ወደ አራት ማዕዘን፣ ቀሚሱ ወደ ደወል ቅርጽ ተለወጠ፤ በቆነጃጅቱ መካከል የቀረችውም ባዶ ቦታ በአበባና በኮከብ ተሞላች። የሥነ ጥበብ ምሁራን ይህንን «መበላሸት» ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚህ ዐይነት ሽመና ክብ መስመር የሚወጣው በደረጃ በደረጃ፣ ፈትል በፈትል ስለሆነ፣ ሸማኔዋ የከተማውን ሥዕል ትታ የድርና ማጉን ሕግ በታዘዘች መጠን ሥራዋ ጠነከረ እንጂ አልደከመም።

ከገበሬው ዕቃዎች ሁሉ የእኔን ልብ የሳበው ግን የልብስ መዳመጫው ሳንቃ ነው። የታጠበውን ልብስ በድቡልቡል እንጨት ላይ ጠቅልለው፣ በላዩ በዚህ ሳንቃ እየተጫኑ በማንከባለል ያለሰልሱት ነበር። ጐልማሳው ሊያጫት ለሚፈልጋት ልጅ ይህንን ሳንቃ ራሱ ጠርቦ፣ እጀታውን በፈረስ ምስል ቀርጾ፣ ዓመተ ምሕረቱን ጽፎ ያበረክት ነበር። ልጅቱም ሳንቃውን ስትቀበል የሰውዬውን ትዕግሥትና የእጁን ጽናት ከጠረባው ማንበብ ትችላለች። ስጦታው በአንድ በኩል የፍቅር ደብዳቤ፣ በሌላ በኩል ደግሞ «ወደፊት ልብሴን ትተኵሺልኛለሽ» የሚል ማሳሰቢያ መሆኑን ሳስበው ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

እንግዲህ ኖርዌይ ከዴንማርክ ነገሥታት አገዛዝ ተላቃ በ1814 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቷን ስታውጅ፣ ነገር ግን እስከ 1905 ዓ.ም. ድረስ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ስትኖር፣ ጌጥ የፖለቲካ ጕዳይ ሆነ። የራሷ ንጉሥ የሌላት አገር ራሷን የምታውቀው በምንድን ነው? የከተማው ምሁራን ወደ ሸለቆው ወጥተው የገበሬውን ሣጥንና ሳንቃ ሰበሰቡ። በ1876 ዓ.ም. በዋና ከተማዋ፣ በ1887 ዓ.ም. በበርገን፣ በ1893 ዓ.ም. በትሮንድሄም የጥበበ እድ ሙዚየሞች ተቋቋሙ፤ በ1891 ዓ.ም. ደግሞ የቤት ውስጥ የእጅ ሥራ ማኅበር ተመሠረተ። በዚያው በ1891 ዓ.ም. አርክቴክቱ ሆልም ሙንተ በዋና ከተማዋ ዳር በተራራ ላይ የሠሩት የፍሮግነርሴተረን የእንጨት ቤት ከጣራው ጫፍ የዘንዶ ራስ ወጥቶለታል። «የዘንዶ ስልት» የሚሉት ይህ ነው። ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ለቱሪስትም ደስ ያሰኛል። የኡርነስ ጠራቢ ግን እንስሳውን ሲያጠላልፍ የሚያስበው ነገር ነበረው፤ የ1891ዱ ዘንዶ ከማማር በቀር ሥራ የለውም።

ከዚሁ ዘመን የሁለት ሰዎች ዕጣ እጅግ ያስተምራል። ሠዓሊው ጌርሃርድ ሙንተ (1849–1929) የሰሜኑን ተረት በደማቅ ቀለም እየነደፉ ሌሎች ሴቶች እንዲሸምኑት ይሰጡ ነበር፤ አገሪቱም የብሔራዊ ጥበብ አባት አድርጋ አከበረቻቸው። ወይዘሮ ፍሪዳ ሃንሰን (1855–1931) ግን ባላቸው በንግድ ከከሰሩ በኋላ የጥልፍ ሱቅ ከፍተው ቤተ ሰባቸውን ሲያስተዳድሩ የጥንቱን ሽመና ከገጠር ተማሩ። ከተማሩም በኋላ አንዳንዱን የድር ክፍል ሳይሸምኑ ክፍቱን በመተው ብርሃን የሚያሳልፍ መጋረጃ ፈጠሩ፤ ለዚህም ብልኀት በ1897 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አገኙ። በ1900 ዓ.ም. በፓሪሱ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳይ ተሸለሙ፤ «የሰማይ ወተት መንገድ» የተባለውን የ1898 ዓ.ም. ሥራቸውን የሃምቡርግ ሙዚየም ገዛው። በአገራቸው ግን ሥራቸው ለአውሮፓ ፈሊጥ ያደላ፣ በቂ ኖርዌያዊነት የሌለው ተብሎ ስማቸው እስከ 1970ዎቹ ድረስ ተዘንግቶ ቈየ። ሙያውን በእጃቸው የያዙት እኚህ ሴት ሆነው ሳለ «ብሔራዊ» የሚለው ስም ለነዳፊው መሰጠቱ እስካሁን ድረስ ያሳዝነኛል።

ኖርዌያውያን የእኔ ነው የሚሉት ነገር ሁሉ ሲመረመር እንዲህ ይገኛል። በሴልቡ ቀበሌ ማሪት ጉልሴት የተባለች ልጅ በ1857 ዓ.ም. የሠራችው ባለ ስምንት ቅጠል አበባ የእጅ ሹራብ ዛሬ የአገሪቱ ምልክት ነው፤ ባለ ስምንት ጫፉ ኮከብ ግን በብዙ ሕዝቦች ሽመና ላይ አለ። በመሥሪያ ቤታችን ወረቀት የምናያይዝበትን አግራፍ እንኳ የእኛ ሰው ፈጠረው ይላሉ። ዮሃን ቮለር የተባሉት የፈጠራ መብት ቢሮ ሠራተኛ በ1901 ዓ.ም. የመብት ወረቀት ያገኙበት አግራፍ ግን የመጨረሻው እጥፋት የጐደለው ስለ ነበረ ወረቀቱን አጥብቆ አይዝም፤ እኛ የምናውቀው ሌላው ዐይነት ነው። በ1989 ዓ.ም. ለእርሳቸው ክብር ተብሎ በሳንድቪካ የቆመው ግዙፍ አግራፍ እንኳ የእርሳቸው ሳይሆን ያ ሌላው ነው! ሆኖም በጀርመን ወረራ ዘመን ሕዝቡ አግራፍ በኮቱ ላይ እየሰካ «ተያይዘናል» ሲል የአንድነቱን ምልክት አድርጎታል። ይህ ብቻውን አግራፉን ኖርዌያዊ ለማድረግ ከመብት ወረቀቱ ይበልጣል እላለሁ።

ወደ ፋብሪካው እንምጣ። ሃዴላንድ የተባለው የመስታወት ፋብሪካ በ1762 ዓ.ም.፣ ፖርስግሩን የተባለው የፖርሴሊን ፋብሪካ በ1885 ዓ.ም. የተመሠረቱ ናቸው። በ1937 ዓ.ም. ያክ ያኮብሰን ያወጡት ሉክሶ የተባለው ባለ ሞላ የጠረጴዛ መብራት በዓለም ቢሮዎች ሁሉ ተሠራጭቷል፤ የሞላው ብልኀት ግን የእንግሊዛዊው የጆርጅ ካርዋርዲን ነው። ከ1954 እስከ 1957 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ ከተሞች የዞረው የስካንዲናቪያ ዕቃዎች ኤግዚቢሽን ለእነዚህ ሁሉ ገበያ ከፈተ። ቲያስ ኤክሆፍ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የነደፉት «ማያ» የተባለው የማይዝግ ብረት ማንኪያና ሹካ አጭርና ወፍራም ነው፤ አንዳች ቅርጽ አልተቀረጸበትም፤ ውበቱ በመዳፍ ሲያዝ ይታወቃል።

ከአንጥረኞች ቤተ ሰብ የተወለዱት ወይዘሮ ግሬተ ፕሪትስ ኪተልሰን (1917–2010) ደግሞ የወርቅ አንጥረኛን የኢናሜል ጥበብ ወደ ኩሽና አወረዱት። በሃልደን ከተማ ለነበረው ለካትሪንሆልም ፋብሪካ የነደፏቸው ጎድጓዳ ሳህኖች ቅርጻቸው እንደ ተከፈተ መዳፍ ቀላል ሲሆን፣ ጌጣቸው ጥልቅ ቀለማቸው ብቻ ነበር። ፋብሪካው ግን ገበያ ፈልጎ በአርነ ክላውሰን የተነደፈውን የሎተስ ቅጠል ረድፍ በሳህኖቹ ላይ አተመበት። ወይዘሮዋ ይህንን ጌጥ አልወደዱትም። ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ የሚሻሙት ግን ያንኑ ባለ ቅጠሉን ነው፤ ብዙዎችም ቅጠሉን የእርሳቸው ሥራ ይመስላቸዋል። ማን ተሳሳተ? ገዢው ነው ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። በጸዳው ግድግዳ ላይ ቅጠል የጠየቀው የሸለቆው ገበሬም ገዢ ነበረ።

ከፋብሪካ ዕቃዎች መካከል የዚያ የመዳመጫ ሳንቃ እውነተኛ ወራሽ የትኛው ነው ብባል፣ ፔተር ኦፕስቪክ በ1972 ዓ.ም. የነደፉትን «ትሪፕ ትራፕ» የተባለውን የልጆች ወንበር እጠቅሳለሁ። ልጃቸው የሕፃን ወንበር ጠብቦት፣ የዐዋቂው ወንበር ደግሞ ሰፍቶት፣ እግሩ ሲንጠለጠል አይተው ነው የጀመሩት። ሁለት ዘንበል ያሉ የእንጨት ቋሚዎች አሉት፤ በቋሚዎቹ ውስጥ ስንጥቆች ተፈልፍለዋል፤ መቀመጫውና የእግር ማሳረፊያው ልጁ ባደገ ቍጥር ከስንጥቅ ወደ ስንጥቅ ይዛወራሉ። ስለዚህ ልጁ ከወላጆቹ እኩል በማዕድ ይቀመጣል። በወንበሩ ላይ ፈረስም ዘንዶም አልተቀረጸበትም፤ ቢሆንም አንድ ሰው አንድን የቤቱን ሰው አስቦ እንደ ሠራው ማንም አይቶ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ሽመና እንመለስ። ወይዘሮ ሐና ሪገን (1894–1970) የተወለዱት በስዊድን በማልሞ ከተማ ነው። አስተማሪ ነበሩ፤ ሥዕልም ተምረዋል። ሠዓሊውን ሃንስ ሪገንን አግብተው በ1920ዎቹ ወደ ኦርላንድ ከሄዱ በኋላ ግን ቡሩሽ ትተው ራሳቸውን ሽመና አስተማሩ። ባላቸው የሽመናውን ዕቃ ሠሩላቸው። በጎች አረቡ፤ ጠጕሩን ፈተሉ፤ ቀለሙን ከዛፍ ቅርፊት፣ ከቅጠልና ከድንጋይ ሽበት አወጡ። ሰማያዊውን ለማውጣት በቈየ የሰው ሽንት ይነክሩት ነበር (አንባቢ እንዳይቀየመኝ፤ ይህ በብዙ አገር የታወቀ የጥንት ብልኀት ነው)። አስቀድሞ የተነደፈ ሥዕልም አይከተሉም ነበር፤ አሳባቸውን ከድሩ ላይ በቀጥታ ይሸምኑ ነበር እንጂ።

በዚህ ዐይነት በ1935 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» ተሸመነ። በሽመናው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል አለ፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ጦረኛም አለ፤ የሙሶሊኒ ራስ በጦረኛው ጦር ተወግቶ ይታያል። ነቀፌታዬን ልናገር። ጦረኛው ስምና ታሪክ ያለው ሰው ሆኖ አይታየኝም፤ ሩቅ ያለ ሰው ስለ ጀግንነት የሚያስበው ምልክት ነው። አድዋን ያየ ሕዝብ ልጅ ቢሸምነው ሌላ ይሆን ነበር። ነገር ግን የቆነጃጅቱን ቀሚስ ወደ ደወል የለወጠው ያው የድርና ማግ ሕግ እዚህ ጋ ሌላ አገልግሎት ሰጥቷል። የአምባገነኑ ራስ በደረጃ በደረጃ ተሸምኖ፣ በጋዜጣና በአደባባይ ይነፋ የነበረው ግርማ ሁሉ ተወስዶበት፣ በገበሬ ጥለት ላይ እንደሚገባ አንድ ተራ ቅርጽ ሆኗል። በሥዕል ቢሆን ቍጣ ብቻ በሆነ ነበር፤ በሽመና ግን ወራት የፈጀ ፍርድ ነው።

የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ ደም በፈሰሰበት በዚያው በ1937 ዓ.ም.፣ ከሦስት ወር በኋላ በተከፈተው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ይህ ሽመና በኖርዌይ ድንኳን ተሰቀለ። ከመሰቀሉም ጋር የሙሶሊኒ ራስ ያለበት ክፍል ለተመልካች እንዳይታይ ተሸፈነ። ሽመናን የሴቶች የጓዳ ሥራ ነው፣ ጌጥ ነው እያሉ ዝቅ አድርገው ለሚያዩት (በእኛም አገር ሸማኔን የሚንቅ አልጠፋም) ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም። ጌጥ ብቻ ቢሆን ማን ይሸፍነው ነበር?

ወይዘሮዋ ከዚያም በኋላ ዝም አላሉም። ጀርመኖች አገራቸውን በያዙ ጊዜ በትሮንድሄም ስለ ተረሸኑት ሰዎች ሸመኑ፤ በ1944 ዓ.ም. ባላቸው ታስረው ግሪኒ ወደሚባለው ሰፈር ተወሰዱ። በ1964 ዓ.ም. በቬኒስ ኤግዚቢሽን ሥራዎቻቸው ኖርዌይን ወክለው ቀረቡ። «በኮከብ ላይ እንኖራለን» የተባለው የ1958 ዓ.ም. ሽመናቸው በኦስሎ ከተማ በመንግሥቱ ከፍተኛ ሕንጻ መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ጁላይ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በሕንጻው ፊት ቦምብ ሲፈነዳ ሽመናው ከግርጌው ተቀደደ። በተጠገነ ጊዜ ቅዳዱ ፈጽሞ እንዲሰወር አልተደረገም፤ የስፌቱ ጠባሳ እስከ አሁን በሱፉ ላይ ይታያል።